የማርያምን መዳፍ የጣልኩ ዕለት

ከጽዳት የበለጠ አደገኛ ሥራ በዓለም ላይ የለም! ሹፌር ሲሳሳት ፍሬን ይይዛል፤ እኛ ግን አንዴ ቆሻሻ ነው ብለን ከጣልን... ኻላስ! አትሳቁ፣ የደረሰብኝን ስሙኝማ።

የምሠራው ዓረብ አገር፣ ሙስካት ከተማ፣ ቁሩም የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ደግ ሴትዮ ቤት ነው። ማማ ነው የምላቸው። ልጃቸው ሰልማ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ከገባች ወዲህ እንግዳው አላስቀምጥ ብሎናል። አንድ ጠዋት የሳሎኑን መደርደሪያ ስወለውል ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የደረቀ፣ የተጨማደደ፣ ቡጢ የሚያህል የጭራሮ ኳስ! ወፍ ጎጆ ጀምራ ሰልችቷት የተወችው ነው የሚመስለው። "ውይ፣ እንግዳ ቢያየውስ!" ብዬ በመስኮት ወደ ጓሮ ወረወርኩት። አትክልት የሚያጠጣው ቧንቧ ሥር ዱብ አለ።

ከሰዓት በኋላ ማማ ከሳሎን ጮኹ።

"መርየም! መርየም የት ሄደች?"

እስቲ እናንተው ፍረዱ! እኛ አገር ምጥ ሲመጣ የማን ስም ነው የሚጠራው? መወልወያዬን ጥዬ "ማርያም ማርያም! ማርያም ትቅረብሽ!" እያልኩ ሰልማ ክፍል ዘው አልኩ። ጋደም ብላ ስልኳን ስትነካካ የነበረችው ልጅ ደንግጣ ብድግ አለችና... ወገቧን ያዘች።

"ማማ! ጀመረኝ መሰለኝ!"

ማማ እየሮጡ ገቡ። "ከፍ መርየም የታለ? መደርደሪያው ላይ የነበረው!"

ለካ ያ ኳስ "የማርያም መዳፍ" የሚሉት የበረሃ ተክል ኖሯል! ምጥ ሲመጣ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ እሱ ሲከፈት ለወላዷም ይቀላታል ይላሉ። ሰልማም ስትወለድ የተነከረው እሱው ነው።

"ማማ... ጣልኩት።"

"ወየው! የት?"

"ጓሮ..."

ያላ! ተያይዘን ሮጥን። ቧንቧው ሥር ቡጢ የሚባል ነገር የለም። አንድ ጣቶቹን የዘረጋ ነገር ውሃ ውስጥ ተንጋሏል።

"ይሄ ሌላ ነው" አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ።

ማማ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። "ራሱ ነው! ሰልማ፣ አይዞሽ፣ ቀድሞሽ ወልዷል!"

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስንጠብቅ፣ ማማ ጭንቀታቸውን ለመርሳት ነው መሰለኝ፣ የተክሉን ነገር አጫወቱኝ። ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል፤ ትንንሽ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ዘር ይይዛል። መሬቱ ሲደርቅ ይሞታል፣ ግን ቅርንጫፎቹን ጨብጦ፣ ዘሩን አቅፎ ነው የሚሞተው። ዓመታት ቢያልፉም አይለቅም። ዝናብ ሲመጣ ብቻ ይከፈትና ጠብታው ዘሩን ያፈናጥረዋል።

"ታዲያ ሞቷል ወይስ አለ?" አልኳቸው።

"እሱማ ሞቷል። ልጆቹ ናቸው ያሉት" አሉና ወደ ማዋለጃው በር አፈጠጡ። እጃቸውን ያዝኩ። ያን ጊዜ ነርሷ ብቅ አለች።

"መብሩክ! ሴት ልጅ!"

እልልታዬን ለቀቅኩት። ነርሷ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ልታስቆመኝ ብትሞክርም... ማን ሊሰማት!

እና አላለቀም! ብዙም ሳይቆይ ቧንቧው ሥር ችግኝ በችግኝ ሆነ። ማማ "ማንም እንዳይነቅልብኝ!" ብለው ከሕፃኗ እኩል ይጠብቁት ጀመር። አብቦ ዘር ሲይዝ ውሃውን አስቆሙት፤ እያንዳንዱ ደረቀና ቡጢውን ጨበጠ። አንዱን ነቅለው ሰጡኝ።

"የሺ፣ ይሄ ያንቺ ነው። አግብተሽ ስትወልጂ ትነክሪዋለሽ፣ ኢንሻላህ።"

አገላብጬ አየሁት።

"ሹክረን ማማ። ግን... ባልስ? ውሃ ሲነካው ብቅ የሚል ዓይነት ካለ፣ ቧንቧውን አሁኑኑ ልክፈተው!"