ትልልቁ አደንጓሬ

ስልክ ምግብ ማብሰል ከጀመረ ወዲህ እኔ ሰላም የለኝም። እናንተስ?

ባለፈው ስልኬ ላይ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ቺሊ የሚባል ምግብ ሲሠራ አየሁ። የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የሚያቃጥል በርበሬ። ለባለቤቴ ለመዓዛ አሳየኋት። አንዴ አየት አድርጋ፣ "ይሄ እኮ ምንቸት አብሽ ነው፤ ያውም አብሹ የቀረበት" አለችና ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ሰውዬው ግን አንድ ነገር አጥብቆ ተናግሯል። ከጎኑ የሚቀርበው አደንጓሬ ዝም ብሎ የሱቅ አደንጓሬ መሆን የለበትም። ከአያት ከቅድመ አያት ሳይቋረጥ የመጣ መሆን አለበት። ይቺ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። እሁድ እንግዶች አሉብን። ቃሊቲ ወርጄ አንዱን ባለሱቅ፣ "ይሄ አደንጓሬ ከየት የመጣ ነው?" አልኩት። "ከጆንያው" አለኝ።

ከዚያ አባባ ገመቹ ትዝ አሉኝ።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። አባባ ገመቹና ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ከእኛ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚሁ ያርሱ ነበር። ሊፍት ይገባበታል ተብሎ ክፍት የቀረው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ "በሬዎቼ እዚህ ጋ ነበር የሚያድሩት" ይላሉ። ከድሮው አጥራቸው የቀረላቸው አደንጓሬው ብቻ ነው። አፉ በተቆረጠ ጀሪካን በረንዳቸው ላይ ይዘሩታል። ሐረጉ የዲሹ ብረት ላይ ተጠምጥሞ ሲወጣ ከታች ሆናችሁ ብታዩት ትስቃላችሁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወጣሁና ለእንግዳ ትንሽ አደንጓሬ ፈልጌ ነበር አልኳቸው። ደስታቸውን አትጠይቁኝ። ሰፌድ ላይ ሁለት ክምር አቀረቡልኝ። አንደኛው ትልልቅ፣ ዥጉርጉር፣ እንደ ታጠበ ጠጠር የሚያብለጨልጭ። ሌላው ትንንሽ፣ የተሰበረ፣ የተጨማደደ።

"ምረጥ፣ ልጄ" አሉኝ።

እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ? ትልልቁን መረጥኩ። እትዬ በላይነሽ አሳላቸው። እኔ ጉንፋን መስሎኛል። አባባ ገመቹ አንድም ሳያስቀሩ በእጃቸው እየዘገኑ ፌስታል ውስጥ ጨመሩልኝ፤ መረቁኝም።

መዓዛ ወዲያው ፕሬዠር ድስት ውስጥ ከተተችው። ማፏጨት ሲጀምር በራችን ተንኳኳ። አባባ ገመቹ ናቸው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የቤተሰቤን ጤና ጠየቁ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ፕሬዠሩ ባፏጨ ቁጥር ግን ትከሻቸው ይሰበሰባል።

"ሁሉንም ነው የከተትሽው?" አሏት መዓዛን በመጨረሻ።

"ሁሉንም። ምነው አባባ?"

"አይ፣ እንዲያው ነው።"

እንዲያው አልነበረም። በስንት ልመና ተናገሩ። በእሳቸው ቤት ትልልቁ አይበላም፤ ለዘር ነው። የሚበላው ትንንሹ ነው። "ምረጥ" የሚባል እንግዳ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ትንንሹን ያነሳል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። የሰጡትን መልሱልኝ ማለት ነውር ሆኖባቸው ነው እንጂ፣ ያ የእኛ ፕሬዠር ውስጥ የሚንተከተከው የአባታቸው አጥር የመጨረሻ ዘር ነው።

ደነገጥኩ። መዓዛ ዘላ ምድጃውን አጠፋች። ፕሬዠር ደግሞ ቶሎ አይከፈትም! ሦስታችን ዙሪያውን ቆመን፣ ሐኪም ከውስጥ እስኪወጣ እንደሚጠብቅ ቤተሰብ፣ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ጠበቅን። ተከፈተ። ቅቤ ሆኗል።

አባባ ገመቹ ክዳኑን ራሳቸው መልሰው ከደኑት።

ይሄኔ እትዬ በላይነሽ ባላቸውን ፍለጋ መጡ። ክዳኑን አነሱ፣ አዩ፣ ሳቁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ፊትህ አመድ የመሰለው ለዚህ ነው? ትንንሹ አለ አይደል እንዴ? እሱን እዘራዋለሁ።"

"ትንንሹ ምን ሊያፈራ!"

"በየዓመቱ የሚያፈራውን ነዋ!"

አሁን ደግሞ የባሰ ደነገጥኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ገመቹ ወገባቸው ስለማይታጠፍ ዘር ይመርጣሉ እንጂ አይቀብሩም። ጀሪካኑ አፈር ውስጥ የሚቀብሩት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ፎቅ ቤት ከገቡ ጀምሮ ደግሞ የሚቀብሩት ትንንሹን ነው። አደንጓሬው ምንም አልመሰለውም፤ በየዓመቱ ትልልቁንም ትንንሹንም አደባልቆ ያፈራል። አባባ ገመቹም ምርቱን እፍኛቸው ውስጥ ይዘው ደረጃ ላይ ያገኙትን ሁሉ፣ "አያችሁ? ዘር ሲመረጥ እንዲህ ነው!" ሲሉ ኖረዋል። እኔንም ብለውኛል። እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ።

አሁን ያዝናሉ፣ ይቆጣሉ፣ ቢያንስ ያፍራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጣሪያውን እያዩ በጣታቸው ዓመታቱን ቆጠሩ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"በላይነሽ፣ እኔ ሳህን ላይ አንድም ቀን ትልቅ አደንጓሬ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ትልልቁን ማን ነበር ሲበላው የኖረው?"

እትዬ በላይነሽ ግን ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት ብለው ደረጃው ጋ ደርሰዋል።