ለቁም ነገር የተቀመጠች ቤንዚን

መኪናውን ከመንዳት ይልቅ የሚያስታምም ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የባሕር ዳሩ የፋሲሎ ሰፈር ክቡር አቶ አስናቀ፣ የፋብሪካ ጸሐፊና የአንዲት ነጭ ቮልስ ባለቤት፣ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነበሩ።

ቤንዚን አንዴ ሲጨምር የእሁዱ የጣና ዳር ሽርሽር ቀረ። ሁለተኛ ሲጨምር ቤተ ክርስቲያን በእግር ሆነ። ሦስተኛውን ጭማሪ ራዲዮ በተናገረ ማግስት ክቡርነታቸው ለሥራ በብስክሌት ወጡ። ለቤንዚን ሰልፍ እንኳ የሚሄዱት ጀሪካኑን ከኋላ አስረው በብስክሌት ነው። ቮልሷ ግን በየጠዋቱ ትታጠባለች።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ከእርስዎ ይልቅ ከሥሯ የሚያድሩትን ዶሮዎች ታውቃቸዋለች» ይላቸዋል ጎረቤታቸው አንዳርጋቸው።

«ይቺ ቤንዚን ለቁም ነገር ናት።»

ባለቤታቸው ወለላ አትስቅም። ቁም ነገሩ የእሷ እናት ነበሩ። ወገባቸው ተሰብሮ ማክሰኝት ተኝተዋል፤ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ስለማይችሉ ባሕር ዳር ለሕክምና የሚመጡት በቮልሷ የኋላ ወንበር ተጋድመው ብቻ ነው። ኪስና ኩፖን በፈቀዱት መጠን ሰባት ወር ተጠራቀመ። ለደርሶ መልሱ የአንድ ወር ቀረ። ወለላ በየጠዋቱ ጀሪካኑን ብድግ አድርጋ ክብደቱን ታያለች።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታቸው አገርነሽ ነጠላዋን እየጎተተች ገባች። ዘማች ልጇ ቆስሎ እንጅባራ ደርሷል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ያሳልፉታል። የነገራት የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የጠዋቱ አውቶቡስ ሄዷል።

አቶ አስናቀ ወለላን አላዩአትም። ጀሪካኑን አንስተው ቮልሷ ውስጥ ገለበጡት።

«አስናቀ፣ እናቴስ?»

«አውቃለሁ» አሉ።

ማምሻውን ሲመለሱ ቮልሷ ባሕር ዳር መግቢያ ላይ ነዳጅ ጨርሳ ቆመች። አንዳርጋቸው ሲነግራት ወለላ የሰባት ወር ስድቧን ይዛ ሄደች። አገርነሽ ውስጥ ተቀምጣ እጆቿን ታያለች። አቶ አስናቀ በመስኮቱ መሪውን ይዘው ብቻቸውን ይገፋሉ፤ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።

«ደረሳችሁ?»

«ደረስን። አንድ እግሩ የለም። እሱን የጫነው መኪና ሲነሳ እጁን አልለቅም ብላ ትንሽ ሮጠች።»

ስድቡ ጠፋባት። ቤንዚን ዛሬም መጨመሩን በራዲዮ ሰምታ ነበር፤ አልነገረቻቸውም። እናቷ ሌላ ሰባት ወር እንደማይጠብቁ ሁለቱም ያውቃሉ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከኋላ ትከሻዋን ሰጠች።

«ተይው፣ ይከብድሻል።»

«ዝም ብለህ ግፋ» አለች። «ከለመድነው ማክሰኝትም በዚሁ እንደርሳለን።»