የአቶ መንገሻ ዜሮ

ኦክላንድ ኤርፖርት አጠገብ ያለው የአውሮፕላን ሞተር ጥገና ድርጅት ስህተትን ከምድረ ገጽ ያጠፋ ድርጅት ነው። ይህን ታላቅ ገድል የፈጸሙት የሴፍቲ ክፍሉ ዳይሬክተር አቶ መንገሻ ናቸው። ዘዴያቸውም እንደ ታላላቅ ሐሳቦች ሁሉ ቀላል ነበር። ተሳስቻለሁ ብሎ ሪፖርት ያደረገ ሠራተኛ ቅዳሜውን «የጥንቃቄ ባህል» የሚባል ትምህርት ላይ ተቀምጦ ያሳልፋል። ማንም ምንም ካልተናገረ ግን አርብ ላይ ባርቤኪው አለ። ዘመቻው በተጀመረ በወሩ ስህተት ድራሹ ጠፋ፤ ሠራተኛውም ወፈረ።

ከወፈሩት አንዱ መካኒኩ ግሩም ነበር። አንድ ሐሙስ ከሥራ ወጥቶ ካስትሮ ቫሊ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ዕፀገነት የመኪናዋን ጎማ እንዲያይላት ጠየቀችው። አጎንብሶ ባትሪውን ሊያበራ ኪሱን ቢዳብስ ባዶ ነው። ሌላውንም ኪስ ዳበሰ። ከዚያ እንዳጎነበሰ ቀረ። ጠዋት አንድ ሞተር ሲመረምር ከትልቁ ማራገቢያ ጀርባ ባትሪውን አስገብቶ ነበር። እጁን ማውጣቱን ያስታውሳል። ባትሪውን ማውጣቱን ግን አያስታውስም።

ወዲያው አቶ መንገሻ ጋር ደወለ።

«ጋሼ፣ ባትሪዬን ሞተር ውስጥ ረስቼ የወጣሁ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?» አሉ አቶ መንገሻ። «ሴፍቲ በይመስለኛል አይመራም፤ በመረጃ ነው የሚመራው። ባትሪውን እዚያ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«እንግዲያው የለም።»

«ጋሼ፣ ሞተሩ ሲነሳ ይስበዋል እኮ! ውስጡን ነው የሚሰባብረው። ከፍተን እንየው።»

«ከፍተን ብናገኘውስ?»

«እናወጣዋለና!»

«አየህ፣ ያን ጊዜ ስህተት ይሆናል። ካልከፈትነው ግን ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ስለዚህ አሁን ስህተቱን ልትፈጥር የተነሳኸው አንተ ነህ።» ቀጥሎ ድምፃቸውን እንደ አባት አለዘቡ። «ነገ ስትመጣ አዲስ ባትሪ ገዝተህ ና። በእጅህ ባትሪ ካለ፣ የጠፋ ባትሪ የለም ማለት ነው።»

እውነቱን ለመናገር ግሩም ቀለል አለው። እራት እስኪቀርብ ድረስ ቀለል ብሎት ቆየ።

«ምን አሉህ?» አለች ዕፀገነት።

«አልጠፋም አሉኝ።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ሞተሩ ውስጥ።»

ዕፀገነት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ይሄ አውሮፕላን ሰው ይጭናል?»

«ነገ ጠዋት። ወደ ዴንቨር።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? ተነስና ኮል አድርግ!»

ዴንቨር የሚለውን ቃል ከራሱ አፍ ሲሰማ ግሩም ክው አለ። አቶ መንገሻ ለዜሮ ስህተታቸው ሽልማት ሊቀበሉ ነገ የሚሄዱት ዴንቨር ነው። እንደገና ደወለ።

«ጋሼ፣ ፍላይትዎ ስንት ሰዓት ነው?»

«በጠዋቱ ነው። ምነው?»

«እሱ እኮ ነው።»

«እሱ የቱ?»

«ባትሪው... ማለቴ፣ የሌለው ባትሪ ያለበት።»

በስልኩ ውስጥ የኮምፒውተር ቁልፎች ሲንጣጡ ተሰማ።

«የእኔ በረራ ከሳን ሆዜ ነው» አሉ አቶ መንገሻ በረጋ ድምፅ።

«ከኦክላንድ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር።»

«ተሳፋሪዎቹስ፣ ጋሼ?»

«መልካም ጉዞ እመኝላቸዋለሁ» አሉና ዘጉ።

ግሩምን ቅዳሜው ታየው፤ ባርቤኪውም ታየው። ከዚያ አየር መንገዱ ጋር ደውሎ ስሙን ነገራቸው፤ የረሳውንም ነገራቸው።

በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላኑ እንዲቆም ተደረገ። ተሳፋሪው በር ላይ ተገትሮ ያዘገየውን ሰው፣ ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ከነዘር ማንዘሩ ረገመው። ሞተሩ ሲከፈት ባትሪው እዚያው ተጋድሟል። በዚያ ላይ አልጠፋም፤ እየበራ ነው። በድርጅቱ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሥራውን ሲሠራ ያደረ እሱ ብቻ ነበር። ግሩም መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረባው ሐኒ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። «እኔም እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ባለፈው አንድ ብሎን ማጥበቄን እርግጠኛ አይደለሁም።» ይህን የሰማው ጀማለዲን የነዳጅ ቱቦ ያገጣጠመበትን መንገድ አስታወሰ። በሳምንቱ ውስጥ ያልተናዘዘ አልነበረም። ሞተሮቹ ለዳግም ምርመራ እየተጠሩ መጡ፤ የላላው ጠበቀ፤ የተረሳው ወጣ። የድርጅቱ አውሮፕላኖች ያለ ባርቤኪው፣ ግን በደህና መብረር ጀመሩ።

አቶ መንገሻ የመስታወት ዋንጫቸውን ታቅፈው ተመለሱ። ያዩት ነገር አስደነገጣቸውና ሠራተኛውን ሰበሰቡ።

«ውድ የሥራ ባልደረቦቼ! ስሄድ ስህተታችን ዜሮ ነበር። ስመለስ ድርጅታችን በስህተት ተጥለቅልቆ አገኘሁት። ሆኖም አስተዳደሩ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ጥልቅ ጥናት አካሂዶ የችግሩን ሥር ደርሶበታል።»

ግሩም አንገቱን ደፋ።

«ባትሪ ነው» አሉ አቶ መንገሻ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ዓይነት ባትሪ ወደ ሥራ ቦታ አይገባም። ያልገባ ነገር አይረሳም!»

ሐኒ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ሞተሩ ውስጥ እኮ ጨለማ ነው።»

«ጨለማውን ድርጅቱ አላመጣውም» አሉ አቶ መንገሻ። ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ።

ግሩም ቅዳሜውን ተምሮ ሰኞ ሥራውን ለቀቀ። አሁን ኤል ሴሪቶ ውስጥ የመኪና ሞተር ይጠግናል፤ ሲያትል ያለች እህቱን ሊጠይቅ ሲሄድም በመኪና ነው። ድርጅቱ ግን ወደ ቀድሞ ክብሩ ተመልሷል። አርብ አርብ ሥጋው ይጠበሳል፤ ከዚያ ስብሰባ ወዲህም እዚያ አንድም ስህተት አልታየም።