ሻምፒዮኑ የዘረረው ሰውዬ

ሰውን የሚያስከብረው ማሸነፍ ብቻ ነው የሚል ሰው፣ በደንብ ተሸንፎ አያውቅም። ያሸነፋችሁን ሰው ከመረጣችሁት መሸነፍም ያኮራል። ችግሩ… አሸናፊያችሁ እንደተከበረ መቆየት አለበት።

በወጣትነቴ ሰበታ ውስጥ ቦክስ እሠራ ነበር። እሠራ ነበር ስል፣ ጓንት አጥልቄ መስታወት ፊት እቆም ነበር ማለቴ ነው። አንድ እሁድ ከሱሉልታ ከመጣ ገመቹ ከሚባል ቀጭን ልጅ ጋር አጋጠሙኝ። የመጀመሪያውን ዙር በሩጫ ጨረስኩት። በሁለተኛው ዙር የሆነውን ሰው ነው የነገረኝ። ዳኛው አስር ድረስ ቆጥሮ ሲጨርስ፣ እኔ ገና የት እንዳለሁ እጠይቅ ነበር አሉ። ቦክስን በዚያው ቀን ተውኩት።

ገመቹ ግን አልተወውም። ውጭ አገር ሄዶ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ አንዱን ሲጥል፣ ሌላውን ሲዘርር ቆይቶ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ታጠቀ። እሱ ቀበቶ ሲታጠቅ እኔ ሰበታ ላይ ደረቴን ነፋሁ። ጸጉር ቤት ስገባ "ይሄ ከሻምፒዮኑ ጋር ሁለት ዙር የተፋለመ ሰው ነው" ተብሎ ወረፋ ይለቀቅልኛል። አንድ ተኩል ዙር ነበር፤ ግን ሰው በፍቅር ሲናገር ማረም ነውር ነው። አማቴ ኦቦ ደቻሳ እንኳ ሽማግሌ ስልክባቸው፣ "ያንን ቡጢ ችሎ የተነሳ ትዳርም ይችላል" ብለው ነው ልጃቸውን የሰጡኝ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ በልቼም ቆጨኝ። ገመቹ ቀበቶውን ተነጠቀ። ከዚያ ተሸነፈ፤ ደግሞ ተሸነፈ። በመጨረሻ ጡረታ የሚጠብቅ የሚመስል ሰውዬ በሁለት ደቂቃ ዘረረው። ሰበታ ፊቷን አዞረችብኝ።

ጸጉር አስተካካዬ ምላጩን ማጅራቴ ላይ እንዳደረገ፣ "አንተን የጣለህ እሱ ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"እሱን እኮ ማንም ይጥለዋል።"

ኦቦ ደቻሳም ምሳ ላይ ትክ ብለው አይተውኝ፣ "ልጄ፣ ያኔ አሞህ ነበር እንዴ?" አሉኝ።

ይሄን ሰምታችሁ ቁጭ ትላላችሁ? ገመቹ ቦክስ አቁሞ ሱሉልታ እንደገባ ስሰማ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ ሄድኩ። ሐሳቤ ለምኜም ቢሆን ወደ ሪንግ ልመልሰው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ያሸንፍልኝ።

በረንዳው ላይ ለብቻው ተቀምጦ አገኘሁት። "አካም ጂርታ" አልኩት። ሰላምታዬን መለሰ፤ እኔን ግን አላወቀኝም።

"ሰበታ ላይ የዘረርከኝ ነኝ።"

ትንሽ አሰበና ሳቀ። "ያ የሚሮጠው ልጅ?"

አስቀመጠኝና ወተት ቀዳልኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሲያቀብለኝ እንኳ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ወተቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ቀና ሳይል በእጅጌው ጠረገው። ያን ሁሉ ሰው የዘረረው እጅ ይሄ ነው። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ልመና ተውኩት።

"በደህና መጣህ?" አለኝ።

"ልጠይቅህ ብዬ ነው።"

እርጥብ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ "ከጣልኳቸው ሰዎች ሊጠይቀኝ የመጣ አንተ ብቻ ነህ" አለ። "ግን ቂም አለኝ። ያኔ የእንስሳት ሐኪም ልሆን ትምህርት ጀምሬ ነበር። አንተን እንዲያ በቀላሉ ስጥልህ፣ ለካ ቦክስ ቀላል ነው ብዬ ትምህርቱን ተውኩት። ትንሽ ብትመክት ኖሮ ዛሬ ላም አክም ነበር።"

"ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት፤ የምሬን ነው። ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ከእኔ ቀደም ብሎ አቆመ።

ሰበታ ስመለስ ኦቦ ደቻሳ በር ላይ ጠበቁኝ።

"እህ፣ ሻምፒዮኑ ምን አለህ?"

"'ከሁሉ በፊት የጣልከኝ አንተ ነህ' አለኝ" አልኳቸው። ብዙም አልዋሸሁም።

ኩራት የጠበቅሁበት ፊታቸው ላይ ኩራት አጣሁ።

"እንግዲያ የጣለ ነው የሚያነሳ" አሉ። "በሚመጣው ቅዳሜም ሂድ።"

ይኸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ ነኝ።