ቁልቁለት ብቻ የምታውቅ መኪና

[ሰዎቹ ሁለት ናቸው። ጋሽ ይፍሩ ከወሎ መጥተው አርባ ምንጭ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ “አላውቅም” የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው። ኤርጫፎ ጎረቤታቸው፣ ሙዝ ነጋዴ፣ ሰፈሩ “ነገር ቶሎ አይገባውም” የሚለው። ቦታው የከተማው ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ የሚያወርደው ቁልቁለት አናት። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያ የሌላት፣ በግቢ በር ቀለም ሰማያዊ የተቀባች የጃንሆይ ዘመን ስፖርት መኪና መንገድ ዳር ቆማለች። ጎማዋ በድንጋይ ተይዟል። ኤርጫፎ ገብቶ ተቀምጧል።]

ይፍሩ፦ ውረድ ብዬሃለሁ!

ኤርጫፎ፦ አሁን እኮ ነው የተቀመጥኩት ጋሼ።

ይፍሩ፦ የተቀመጥከው የሾፌር ቦታ ላይ ነው!

ኤርጫፎ፦ መሪው እዚያ ማዶ ነው። ሾፌር ያለ መሪ እዚህ ምን ያደርጋል?

ይፍሩ፦ መሪው በቀኝ የሆነው፣ ይቺ መኪና የመጣችው በግራ በሚነዳበት ዘመን ስለሆነ ነው። ይሄ ታሪክ ነው፣ አንተ አትደርስበትም።

ኤርጫፎ፦ እሺ፣ እኔ የት ልቀመጥ?

ይፍሩ፦ እዚያው።

ኤርጫፎ፦ ታዲያ ለምን ውረድ አሉኝ?

ይፍሩ፦ ደረትህን ነፍተህ ስለተቀመጥክ! መንገደኛው ሁሉ ባለ መኪናው አንተ ትመስለዋለህ። ያ ባጃጅ ነጂ ቅድም “እንኳን ደስ ያለህ” ያለው ማንን ነው?

ኤርጫፎ፦ እኔን።

ይፍሩ፦ ምን ብለህ መለስክለት?

ኤርጫፎ፦ አሜን። ለደግ ነገር ሌላ ምን ይባላል?

ይፍሩ፦ “የኔ አይደለችም፣ የጋሽ ይፍሩ ናት” ይባላል! በል አሁን ተሳፋሪ ምሰል።

ኤርጫፎ፦ [አንገቱን ደፍቶ] እንዲህ?

ይፍሩ፦ እሱ ሐኪም ቤት የሚወሰድ በሽተኛ ነው። ቀና በል።

ኤርጫፎ፦ [ቀና ብሎ] እንዲህ?

ይፍሩ፦ እሱ ደግሞ ባለንብረት ነው! መሃል ላይ የለም እንዴ አንተ ዘንድ?

ኤርጫፎ፦ ጋሼ፣ መሃሉን በኋላ እንለማመደው። የእትዬ አሰፋሽ አውቶቡስ መቼ ነው የሚገባው?

ይፍሩ፦ [ድምፃቸው ወርዶ] ሶዶን አልፏል አሉ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ነው፣ ይበራል። ሲቀላ መናኸሪያ ሳልደርስ ከደረሰች አለቀልኝ።

ኤርጫፎ፦ ቢደርሱ ምን ይሆናል? ባጃጅ ይዘው ይመጣሉ።

ይፍሩ፦ ይመጡና ጣሪያውን ያያሉ! ያላዩት አገር አይናፍቅም፣ እሷ ግን ታያለች። የቆርቆሮ መግዣውን እጄ ላይ አስቀምጣ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? “ይፍሩ፣ ከሚያዝያ ዝናብ በፊት ቤቱ ቆርቆሮ ካልለበሰ፣ እኔ ሐዋሳ ልጄ ትሁት ዘንድ ነኝ። አንተ ከባልዲህ ጋር ኑር።”

ኤርጫፎ፦ ባልዲው አያፈስም?

ይፍሩ፦ የምነግርህ ስለ ባልዲ አይደለም! ሚስቴ ልትሄድ ነው እያልኩህ ነው። ወዳጄ፣ እኔ እኮ አፍ ብቻ ነኝ። እሷ ከሌለች ቁርሴን እንኳ የት እንደማገኝ ግራ ይገባኛል። አሰፋሽ ከሄደች እኔ ምን ቀረኝ?

ኤርጫፎ፦ መኪናዋ።

ይፍሩ፦ [ተናደው] አመሰግናለሁ!

ኤርጫፎ፦ ግን ጋሼ፣ ቤት እያፈሰሰ መኪና ለምን ገዙ?

ይፍሩ፦ ቃል ስለገባሁ። ስንተጫጭ “ጣሪያ በሌላት መኪና አስቀምጬሽ፣ ሻሽሽን ነፋስ ሲያውለበልበው አገር ያየናል” ብያት ነበር። ያኔ እኔ በእግሬ ነበር የምሄደው፣ እሷ ግን አምናኝ አገባችኝ። ጡረታ ወጣሁ፣ ሻሹ እስከ ዛሬ አልተውለበለበም።

ኤርጫፎ፦ አሁን ጣሪያ በሌለው ቤት ይውለበለባል።

ይፍሩ፦ አፍህን! ስማ፣ ይቺን መኪና እንዴት እንደገዛኋት ብነግርህ እጅህን አፍህ ላይ ትጭናለህ። ጫኖ መንደር፣ አንድ ወልደየሱስ የሚባል ሰው ማንጎ ዛፍ ሥር ጥሏት ዶሮ ያሳድርባታል። ምን እንደያዘ አያውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ ይሄኛው ግን ለቀቀ!

ኤርጫፎ፦ በስንት ለቀቀ?

ይፍሩ፦ በዶሮ ቤት ዋጋ! ሄድኩና የኋላውን ክዳን ከፈትኩ። ሞተር የለም። አንዲት ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። “ሞተር የሌለው መኪና በዚህ ዋጋ?” ብዬ ጮህኩበት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ከፊት ነው!”

ኤርጫፎ፦ ከፊትስ ቢሆን?

ይፍሩ፦ [ይስቃሉ] አየህ! አንተን ቢያገኝህ ያታልልህ ነበር። የድሮ ክብ መኪና ሞተሩ የት ነው? ከኋላ! ቮልስ አታውቅም? እኛ የርዕሰ መምህራችንን ቮልስ እየገፋን ነው ያደግነው፤ ሞተሩን ከኋላ እየታቀፍን ነው የገፋነው። ከፊት ያለው ሻንጣ ነው።

ኤርጫፎ፦ ከፍተው አዩት?

ይፍሩ፦ ዝጎ አልከፈት አለ። ሻንጣ ከፍቼ ምን ላደርግ? የሰውዬው ልብስ አያስፈልገኝ። እንዲያውም ያን ቀን አንተን “ከቻልክ ክፈተውና ሙዝህን ክተትበት” አላልኩህም?

ኤርጫፎ፦ ብለውኛል። ከትቼበታለሁ።

ይፍሩ፦ [ያሸታሉ] ለካ የሚሸተው እሱ ነው። በል ይሁን። የሙዝ ሽታ ያለው ስፖርት መኪና በዓለም ላይ የለም።

ኤርጫፎ፦ ወንበሩስ በምን ነው የተሞላው? ይወጋል።

ይፍሩ፦ በደረቀ የሙዝ ቅጠል። ብልህ ሰው በአገሩ ያለውን ይጠቀማል። የፊት መብራቱ የባጃጅ ነው፣ መስታወቱ ከፀጉር ቤት፣ ቀለሙ ከግቢዬ በር የተረፈ። ለሞተሩ ብቻ ነው ገንዘብ ያወጣሁት።

ኤርጫፎ፦ የቀረውን የቆርቆሮ ብር።

ይፍሩ፦ የቀረውን። [ወደ ኋላ ዞረው ክዳኑን ይከፍታሉ። በገመድና በሽቦ የታሰረ ትልቅ ሞተር ይታያል።] ግን እየው! ነህምያ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዙን ሲያጠጣበት የነበረ የውሃ መሳቢያ ነው። ድምፁን በሰማሁ ጊዜ ልቤ ደነገጠ። “እንዲህ ያለ ሞተር ለሙዝ ማጠጫ? ነውር ነው!” አልኩ።

ኤርጫፎ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም።

ይፍሩ፦ አንድ ብቻ?

ኤርጫፎ፦ ከመኪናዋ ሥር፣ ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ረጅም ብረት አለ። ሞተሩ ከኋላ ከሆነ ብረቱ ከፊት ምን ሊያመጣ ይመጣል?

ይፍሩ፦ እሱ... እሱ ለሚዛን ነው።

ኤርጫፎ፦ ይሽከረከራል እኮ።

ይፍሩ፦ የሚሽከረከር ሚዛን ነው! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ቀስ ብለህ ተማር። አሁን ሞተሩን ላስነሳ።

[ገመድ ይጎትታሉ። ሞተሩ ያስላል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ያገሳል። ጭሱ ሁለቱንም ይሸፍናል። መኪናዋ አትነቃነቅም።]

ኤርጫፎ፦ [እየጮኸ] ጋሼ! አልሄደችም!

ይፍሩ፦ [እየጮኹ] አትሄድም!

ኤርጫፎ፦ ለምን?

ይፍሩ፦ ሞተሩ ከጎማው ጋር አልተያያዘም! የሚያያይዘው ዕቃ እዚህ አገር የለም! [ሞተሩን ያጠፋሉ። ይስላሉ።] ለዚህ ነው ቁልቁለቱ አናት ላይ ያመጣኋት። ድንጋዩን እናነሳለን። መኪናዋ ትወርዳለች። ሞተሩ ይጮሃል። አሰፋሽ መናኸሪያ በር ላይ ቆማ የምታየው ምንድነው? እየጮኸች የምትመጣ መኪና! ጎማውን የሚያዞረው ሞተሩ ይሁን ቁልቁለቱ እሷ በምን ታውቃለች?

ኤርጫፎ፦ [አስቦ] ፍሬን አላት?

ይፍሩ፦ ፍሬን የሚያስፈልገው ስንደርስ ነው፣ ገና አልተነሳንም።

ኤርጫፎ፦ ስንመለስስ? ቤቱ ሴቻ ነው። መንገዱ ዳገት ነው።

ይፍሩ፦ አንተ ሰው ግን ደስታ አትወድም።

ኤርጫፎ፦ እወዳለሁ። መገፋት ነው የማልወደው። የምገፋው ደግሞ እኔ ነኝ።

ይፍሩ፦ አሰፋሽ በደስታ ታለቅሳለች፣ እሷን አባብለን ስንጨርስ እግዜር አንድ መላ አያጣም። ና፣ ድንጋዩን ያዝ። ስቆጥር ትጎትተዋለህ...

[ስልክ ይጮሃል። ጋሽ ይፍሩ ደንግጠው ኪሳቸውን ይደባብሳሉ። የሚጮኸው የኤርጫፎ ነው።]

ኤርጫፎ፦ ሄሎ። አቤት እትዬ።

ይፍሩ፦ [በሹክሹክታ] የትኛዋ እትዬ?

ኤርጫፎ፦ አዎ እትዬ... ሁሉም ደህና ነው... እኔ ቤት፣ አልጋ ሥር ነው፣ አልረጠበም... ብረቱ? ብረቱማ ተመልሶ መጣ እትዬ። ራሳቸው ገዝተው አመጡት... ኧረ አላወቁም... አጠገቤ ናቸው። ቆይ፣ ዓይናቸው ፈጧል፣ የሚጠይቁኝ ነገር አለ መሰለኝ።

ይፍሩ፦ አሰፋሽ ለምንድነው ላንተ የምትደውለው?

ኤርጫፎ፦ ለእርስዎ ከደወሉ ማብራሪያው ይረዝማል፣ ካርድ ያልቃል።

ይፍሩ፦ የምን ብረት ነው የምታወሩት?

ኤርጫፎ፦ ሻንጣው ውስጥ የነበረው።

ይፍሩ፦ የቱ ሻንጣ?

ኤርጫፎ፦ የፊቱ። ሙዝህን ክተትበት ብለውኝ ዕድር ስብሰባ ሄዱ። በዲጂኖ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ውስጡን አንድ ትልቅ ብረት ሞልቶታል። ለሙዝ የሚሆን ቦታ የለም።

ይፍሩ፦ [በጣም በቀስታ] ምን... ምን ዓይነት ብረት?

ኤርጫፎ፦ ቱቦ የበዛበት። ቅባት የጠጣ። ከዚያ ከሚዛኑ ጋር ተያይዟል።

[ጋሽ ይፍሩ ድንጋዩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ።]

ይፍሩ፦ ወልደየሱስ... እውነቱን ነበር።

ኤርጫፎ፦ ምን ላድርገው ብዬ ለእርስዎ ደወልኩ። “ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ለማይረባ ነገር አትደውል” ብለው ዘጉብኝ። ስለዚህ ለእትዬ ደወልኩ። እሳቸው “መኪና ገዛ?” ብለው ጮኹ። ከዚያ ደግሞ “ኤርጫፎ፣ ያ ብረት ቢሸጥ ቆርቆሮ ይገዛል?” አሉኝ።

ይፍሩ፦ ሸጥከው?

ኤርጫፎ፦ ሸጥኩት። ጓደኞቼን ጠርቼ በገመድ ጎትተን አወጣነው።

ይፍሩ፦ ለማን?

ኤርጫፎ፦ ለነህምያ። ሁለት ቀን ጠጋገነው፣ ከዚያ ኩልፎ ወስዶ ውሃ ይስብበት ጀመር።

ይፍሩ፦ ነህምያ... እኔ ሞተር የገዛሁበት ነህምያ?

ኤርጫፎ፦ አዎ። እጥፍ የከፈሉት።

ይፍሩ፦ የመኪናዬን ሞተር ለመኪናዬ ገዛሁ? አንተ እኮ አጠገቤ ቆመህ ነበር! ስከራከር ታየኝ ነበር!

ኤርጫፎ፦ እኔ የሸጥኩት ብረት ነው። እርስዎ “ሞተር ነው፣ እንዲህ ያለ እዚህ አገር የለም” አሉ። የሚያውቅ ሰው ሲናገር አላቋርጥም።

ይፍሩ፦ የድለላ ብር ተቀብለሃል ደግሞ!

ኤርጫፎ፦ ከሁለቱም፣ ሁለት ጊዜ። በሱ ሚስማር ገዛሁበት። እትዬ ሚስማሩን ዘንግተውት ነበር።

ይፍሩ፦ [ቀስ ብለው ቀና ይላሉ] ቆይ። ቆርቆሮው ተገዝቷል ማለት ነው?

ኤርጫፎ፦ እኔ ቤት አልጋ ሥር ነው። አናጢውም ነገ ይመጣል። ቆይ እትዬ፣ አልጨረሱም...

ይፍሩ፦ [ይነሳሉ] ጠይቃት! ሐዋሳ ትሄዳለች? ጠይቃት እንጂ!

ኤርጫፎ፦ ሐዋሳ ይሄዳሉ ወይ ይላሉ እትዬ... እሺ... እሺ። አይሄዱም።

ይፍሩ፦ አይሄዱም? ተመስገን ጌታዬ! አሰፉ! የኔ እናት! [ኤርጫፎን ያቅፋሉ፣ ዕንባቸው ይመጣል] ይሄን ሁሉ ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም እኮ። ሞኙ አንተ ነህ ስል ከረምኩ፣ ሞኙ እኔ ነኝ፣ ልበለው! ሞኝ ነኝ፣ ግን ባለ ትዳር ነኝ!

ኤርጫፎ፦ [ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ] ግን አሉ...

ይፍሩ፦ ምን ግን?

ኤርጫፎ፦ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው በዝቷል አሉ። ሚያዝያ እስኪወጣ እርስዎ እመኪናዎ ውስጥ ይደሩ አሉ።

ይፍሩ፦ እዚህ? በዝናብ? ጣሪያ እኮ የላትም!

ኤርጫፎ፦ [በስልኩ] ጣሪያ የላትም ይላሉ እትዬ... እሺ። [ለጋሽ ይፍሩ] አስበውበታል። አንድ ቆርቆሮ አስተርፈውልዎታል።