ለጉበት የተሰጠ ቀኖና

እኛ ሰፈር ሰው ሲወፍር ይመሰገናል፤ ሲከሳ ይለቀስለታል። በደርግ ጊዜ እንኳ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር በየስብሰባው ቦርጭን የቡርዧ ምልክት ነው እያለ ሲረግም ውሎ፣ ከአዳራሹ እንደወጣን «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል!» መባባላችንን አልተውንም። አብዮቱ ስንቱን ገልብጧል፤ ይቺን ግን አልቻላትም።

የጎረቤቴ የአቶ ተሰማ ቦርጭ ደግሞ የሰፈር ኩራት ነበር። አየር ጤና ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ። ታዲያ ቀኝ ጎናቸውን ከበድ ከበድ ቢላቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ሆዳቸውን ጫን ጫን አድርጎ፣ ደማቸውንም አስመርምሮ፣ «ጉበትዎን ስብ ወርሶታል» አላቸው።

«መድኃኒቱስ?»

«መክሳት ነው። ጮማውን፣ ቅቤውን፣ ጠጁን ይተዉ፤ በእግርዎ ይሂዱ። ጉበቱ አንዴ ከደረቀ ግን እኔም አልደርስልዎትም።»

አቶ ተሰማ ደነገጡ። ልጆቻቸው ገና አልደረሱም።

ጠዋት ጠዋት ከአየር ጤና ቤቴል በእግር ይመላለሱ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ሱሪያቸው ሰፋ፣ ሰፈሩም ተሸበረ። መቼም ታውቁናላችሁ፤ ከሳ የተባለ ሰው ይጠየቃል፣ ባዶ እጅ መግባት ደግሞ ነውር ነው። አንዷ ቅቤ የጠጣ ገንፎ፣ ሌላዋ ዶሮ ወጥ ይዛ ከተፍ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! «ሐኪም ምን ያውቃል? በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያልን አጎረስናቸው። ሱሪው ሞላ፣ ጎናቸውም እንደገና ከበደ።

ይሄኔ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ መላ ዘየዱ። ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው የሐኪሙን ትእዛዝ አንድ በአንድ ነገሯቸው። ቄሱም ፈገግ ብለው ያንኑ ለአቶ ተሰማ ቀኖና አድርገው ሰጡ፦ ዓመት ሙሉ፣ በፍስክም ቢሆን፣ ቅቤና ሥጋ የለም፤ መጠጥ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለም በእግር ነው።

ከዚያ ወዲያ «ቀኖና አለብኝ» ሲሉ የተዘረጋው ጉርሻ ሁሉ ይሰበሰባል። የሐኪምን ቃል መሻር ቀላል ነው፤ የቄስን ማን ይደፍራል? በዓመቱ ሐኪሙ መረመራቸውና «ጉበትዎ ድኗል» አላቸው።

ሰፈሩ ግን በሌላ ጭንቀት ተያዘ። ዓመት ሙሉ የሚያስጾም ኃጢአት ምን ቢሆን ነው? ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እኛ ግን ሳንሱሲ ላይ ውሽማ ሰጠናቸው፣ ልጅም ጨመርንላት። ወሬው ሲደርሳቸው አቶ ተሰማ ከት ብለው ሳቁ። «ጉበቴን አይንኩብኝ እንጂ ስሜን እንዳሻቸው ያድርጉት» አሉኝ።

ሳቃቸው የቆመው አንድ ቀን ምሳ ላይ ነው። መላውን የዘየዱት ወይዘሮ አስካለ ጎመኑን አቀረቡና፣ ሲበሉ ትክ ብለው ካዩዋቸው በኋላ ጠየቁ፦

«እንዲያው ግን፣ ተሰማ፣ የሳንሱሲዋ ሴትዮ ማን ናት?»