የሚያስለቅሰው የዶሮ ቤት

የመንዝ ሰው ቀዳዳ አይወድም። ሌላው አገር ቤት ሲሠራ መስኮት ያወጣል፤ እኛም እናወጣለን፤ ከዚያ በጭቃና በእበት አሳምረን እንደፍነዋለን። ምን ይደረግ? የጓሳ ብርድ ይሉኝታ የለውም፤ አንዴ ከገባ ማጀት ድረስ ነው። ስለዚህ የግብርናዋ ልጅ ዘመሮ ከተማ ላይ ሰብስባን ስለ ሥጋ ዶሮ ስታሠለጥን "አየር እንዲገባ መስኮት ክፈቱ" ስትል፣ ምስኪን፣ የቆላ ልጅ ናት ብዬ በሆዴ አዘንኩላት።

መቼስ ያኔ አንድ ለአምስት ተጠርንፈን ሞዴል ገበሬ ያልሆነ ሰው፣ ሰው አልነበረም። እኔም ልሁን ብዬ ተነሣሁ። ችግሩ መቶዎቹ ጫጩቶች የተገዙት በአማቴ በእማማ አየለች ሁለት ሙክቶች መሆኑ ነው። ሙክቶቹ ለባላቸው ለጋሽ ተሰማ ተዝካር የተቀመጡ ነበሩ። ዶሮዎቹ አድገው ሲሸጡ በሙክት ፋንታ በሬ እንጥላለን ብዬ አግባባኋቸው። ጫጩቶቹ ካለቁ ግን የጋሽ ተሰማ ተዝካር በንፍሮ ሊወጣ ነው።

ልጅቷ ለጉዝጓዝ ሰጋቱራ አራት ጣት ያህል አንጥፉ ብላ ነበር። ሰጋቱራ ከየት ይምጣ? በአካባቢያችን ያለው አናጢ አንድ ነው፤ እሱም ወንበር የሚሠራው ሰው ሳይሞት ሲሰነብት ነው። ያው፣ ሥራው የሬሳ ሣጥን ነው ማለቴ ነው። ሁለት ጆንያ ሙሉ ዛቀልኝ። ወስጄ የዶሮ ቤቱ ውስጥ ስነሰንስ ከመሃሉ በእርሳስ ግማሽ መስቀል የተሣለባት የጣውላ ቁራጭ ወጣች። አማተብኩ። ግን እንጨት እንጨት ነው ብዬ ወረወርኳት። የጋሽ ተሰማንም ሣጥን የሠራው ይኸው ሰው መሆኑን ያስታወስኩት ቆይቼ ነው።

ሁለት ሳምንት ሰላም ነበር። ከዚያ ጫጩቶቹ ዝም አሉ። መቶ ጫጩት ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አያድርስ ነው! ጠዋት በሩን ስከፍት ሁሉም ከበሩ ሥር ተደርድረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምንቃራቸውን ወደ በሩ ስንጥቅ ደቅነው ቆመዋል። ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ። ከኋላቸው ክፍሉ ባዶ ነው። በስመ አብ ብዬ ገባሁ፤ ወዲያው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አላዘንኩም እኮ! ዓይኔ ለብቻው ያለቅሳል።

ሚስቴን አስካለን ጠራኋት፤ እያለቀሰች ወጣች። ጎረቤት ገባ፤ እሱም እያለቀሰ ወጣ። ምላሴን ይቁረጠውና የጣውላዋን ነገር ደግሞ አወራሁ። በቃ! ሟቹ ያልተለቀሰለትን ልቅሶ እያስለቀሰ ነው ተባለ። ያልተለቀሰለት ማን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እማማ አየለች በባላቸው ቀብር ላይ አንዲት ጠብታ እንባ አላፈሰሱም፤ ድርቅ ብለው ነው የቆሙት። ልቧ ድንጋይ ነው እየተባሉ ይታሙ ነበር።

ወሬው ደረሳቸውና መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቻቸውን ገቡ፤ በሩንም ከውስጥ ዘጉት። እኔና አስካለ ደጅ ቀረን። ጥቂት ቆይቶ ልቅሷቸው ተሰማ፤ ስም እየጠሩ፣ አንጀት የሚበላ ልቅሶ። ሲወጡ ፊታቸው ርሷል። "መጥቶ ነበር" አሉኝ። በማግስቱም መጡ፤ በሠልስቱም።

ጫጩቶቹ ደግሞ ማለቅ ጀመሩ፤ በየጠዋቱ ሦስት አራት። ተዝካሩ እየቀረበ ነው፣ ሙክት የለ፣ በሬ የለ። የነፍስ አባታችንን ለመንኳቸው፤ ጠበል ይዘው መጥተው ከጥግ እስከ ጥግ አርከፈከፉት። እሳቸውም እንባቸውን እየጠረጉ ወጡና "ይሄስ እንዲህ በዋዛ የሚለቅ አይደለም" አሉ። እውነታቸውን ነው። በማግስቱ ልቅሶውም እጥፍ ሆነ፤ የሚሞተውም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል? ወደ ግብርናዋ ልጅ ሮጥኩ። መጣች። አላማተበችም። ተንበርክካ አፍንጫዋን ከጫጩቶቹ ቁመት እኩል ዝቅ አደረገችና እየሳለች ተነሣች። የተደፈነውን መስኮት አየች፤ እኔን አየች፤ "ማነው የደፈነው?" አለች። ብርዱ ነው ልላት ምንም አልቀረኝ። የታፈነና የረጠበ ኩስ አሞኒያ የሚባል ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል አለችኝ። ጫጩቶቹ በሩ ሥር የተሰለፉት ሰው ጠብቀው ሳይሆን አየር ፈልገው ነው። ጠበሉም ጉዝጓዙን አራሰው አለች፤ ይህችን እንኳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

ጫጩቶቹን እኛ ቤት አስገብተን የረጠበውን ጉዝጓዝ ጠርገን አወጣን። ወለሉ ላይ ኖራ ነስንሰን ካደረቅን በኋላ ደረቅ የገብስ ጭድ ከትፈን አነጠፍን። መስኮቱንም ከላይ በኩል ከፈትኩት። በሳምንቱ ጫጩቶቹ ተንጫጩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! አብዛኞቹ ተረፉልኝ፤ በሬው ቢቀር ሙክቶቹን የሚመልሱ ናቸው።

እማማ አየለች እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ገቡ። ብዙ ቆዩ። ዓይናቸው ደርቆ ወጡና "የት ሄደብኝ?" አሉኝ።

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን ሞዴል ገበሬ አይደለሁ? ስለ መስኮቱ፣ ስለ እርጥበቱ፣ ስለ አሞኒያው፣ ልጅቷ ያስተማረችኝን አንድ ሳላስቀር አስረዳኋቸው። እማማ አየለች ወደ ጫጩቶቹ ዞሩ።

"እንግዲያስ" አሉ፣ "አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ያለቀስኩለት በዶሮ ኩስ ነዋ!"